«ጨዋ ነው፣ አይነቃም»፦ የጨቅላ ሕፃን እንቅልፍና እድገት፣ ችግርና መፍትሄው

ወሎ ውስጥ አራስ ሊጠይቅ የገባ ሰው ገንፎው ሳይቀርብ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፤ «ያስተኛችኋል ወይ?» እናት «ኧረ እሱ ጨዋ ነው፣ መኖሩም አይታወቅ» ካለች ቤቱ ይመርቃል። «ሌሊቱን ሲያለቅስ ነው የሚያነጋው» ካለች ምክር ይዘንባል። ቅቤ አልሱት፣ ጤና አዳም አቅምሱት፣ እንጥሉ ወርዶ ይሆናል።

እኔ ጥያቄው ቢቀየር ደስ ይለኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልጅን ደህንነት የሚናገሩት የራሰው ጨርቁና ክብደቱ ናቸው። እየጠባና እየሸና አልቅሶ የሚያነጋው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ቶሎ መታየት ያለበት ለጡት እንኳ የማይነቃው ነው። አብሽሩ፣ አንድ በአንድ እንየው።

ቀን ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊት ያነጋል

ጨቅላ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። ግን ቆራርጦ ነው፤ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ ሲበዛ አራት። ሆዱ ትንሽ ናት፣ የእናት ጡትም ቶሎ ይፈጫል፣ ስለዚህ ይርበዋል። ቀንና ሌሊትን የሚለይበት የሰውነት ሰዓትም ገና የለውም። መስተካከል የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ሲሆነው ነው።

እኛ ደግሞ እናባብሰዋለን። ብዙ አራስ ቤት መጋረጃው ተዘግቶ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ዓይነት ጨለማ ነው። ቀን ቀን መጋረጃውን ግለጡት። ልጁ ብርሃን ይይ፣ የቤቱን ድምፅ ይስማ፣ ሲጠባ አጫውቱት። ማታ መብራቱ ደብዘዝ ይበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነቃ ጡት ስጡት፣ ካራሰ ቀይሩለት፣ ወሬ ሳታበዙ መልሳችሁ አስተኙት። ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እስከዚያው እናት ልጁ በተኛ ቁጥር ትተኛ፤ የቤት ሥራው የሌላው ሰው ነው።

ጠያቂ ይምጣ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካው ይፈላ፣ ዱዓውም ይደረግ። መቁላቱና ማጨሱ ግን ልጁ ከተኛበት ክፍል ውጭ ይሁን። ለዚያች ትንሽ ሳንባ የከሰሉም የዕጣኑም ጭስ ከባድ ነው።

ተኝቶ ያቃስታል፣ ይወራጫል

ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከዓይን ቆቡ ሥር ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይላል። ግንባሩን ይቋጥራል፣ ከንፈሩን ጡት እንደያዘ ሰው ያንቀሳቅሳል፣ እጁ ድንገት ብድግ ይላል። ትንፋሹ ፈጠን ይልና ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ እንደገና ይቀጥላል። ልጁ ተኝቷል። የጨቅላ እንቅልፍ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ነው። «ነቃ» ብለን ስናነሳው ነው በእርግጥ የሚነቃው። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁት።

ትንፋሹ 20 ሰከንድ ያህል ከቆመ፣ ከንፈሩና ምላሱ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ወይም የሚንቀጠቀጠውን እጁን ያዝ ስታደርጉት መንቀጥቀጡ ካልቆመ ግን አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

በየሰዓቱ ጡት ይላል፤ «ወተቴ ነጠፈ»

ብዙ እናት ያለ ምክንያት ጡጦ የምትጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው።

ጨቅላ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው፣ ከዚያም ስድስት ሳምንት አካባቢ፣ በተለይ አመሻሽ ላይ ከጡት አልላቀቅ የሚልባቸው ቀኖች ይመጣሉ። ልጁ እያደገ ነው፣ ተጨማሪ ወተት እያዘዘ ነው። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። በእነዚያ ቀኖች ጡጦ ከገባ ትዕዛዙ ይቋረጣል፣ ወተቱም ያኔ በእውነት ይቀንሳል። መፍትሄው ጡቱን በፈለገው ሰዓት መስጠት ነው። ሲጠባ አፉ ሰፋ ብሎ ይከፈት፤ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም አካባቢ ይጉረስ። ጫፏን ብቻ ከያዘ እናትን ያቆስላል፣ ራሱም አይጠግብም።

መጥገቡን በምን እናውቃለን? ጨርቁን ወይም ዳይፐሩን ቁጠሩ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ መራስ አለበት፣ ሽንቱም ነጣ ያለ ይሁን። ዓይነ ምድሩ መጀመሪያ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው፤ በአራት በአምስት ቀን ቢጫ ይሆናል። ጥቁሩ አምስተኛ ቀን ላይም ካለ የሚገባው ወተት አንሷል ማለት ነው።

ክብደቱ መጀመሪያ ቢቀንስ አትደንግጡ። በ3 ኪሎ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 200 ግራም ያህል ሊቀንስ ይችላል። ከ300 ግራም፣ ማለትም ከአሥር በመቶ፣ ካለፈ ግን ሐኪም ይየው። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ተወለደበት ክብደት መመለስ አለበት። ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። እስከ 45 ቀኑ ክትባት ሳትጠብቁ በሁለተኛው ሳምንት ጤና ኬላ ወስዳችሁ አስመዝኑት። ልብሱን አውልቃችሁ፣ ሁልጊዜም በአንድ ሚዛን ቢሆን ጥሩ ነው።

ስለ እንገር አንድ ነገር። ወፈር ያለው ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ሲታለብና ሲደፋ ያሳዝነኛል። ልጁን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያ ምግቡ ነው፤ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባው። እማማ ቅቤ ካላላስኩት ካሉ በአክብሮት «እማማ፣ ቅቤውን ለእናቲቱ ገንፎ ያድርጉልኝ» በሏቸው። ባቲ ሙቀት ውስጥ ለሚወለደውም ቢሆን ውሃ አያስፈልግም፤ የእናት ጡት አብዛኛው ውሃ ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ።

በብርድ ነው ወይስ በሙቀት የሚነቃው?

ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሌላ አገር ነው። ልብሱን እንደየቦታው አድርጉለት። እግሩንና ሆዱን ዳስሱ። እግሩ ቀዝቅዞ ሆዱ ሞቅ ካለ አንድ ልብስ ጨምሩ ወይም እናት ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ ትቀፈው። ሆዱም ከቀዘቀዘ ቆዳ ለቆዳ እንደታቀፈ ወደ ሐኪም። ማጅራቱ ካላበው በዝቶበታል፣ አንድ ቀንሱ።

ከሰል ያለበት ማንደጃ በዝግ ክፍል አታሳድሩ። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋል። ልጁን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ አስተኙት። ነጠላም ጋቢም ፊቱ ላይ አይድረስ።

አመሻሽ ላይ ያለ ምክንያት ያለቅሳል

ጠብቷል፣ ደርቋል፣ ትኩሳት የለውም፣ ግን ያለቅሳል። እንዲህ ያለው ለቅሶ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይጀምርና ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይብሳል፤ በ3 እና በ4 ወር ይተወዋል። አስገሱት፣ ታቅፋችሁ ወዲያ ወዲህ በሉ፣ ሲደክማችሁ ለሌላ ሰው ስጡት። በንዴት መወዝወዝ አንጎሉን ሊያደማ ይችላል፣ በፍጹም አይሞከር። እንጥል ማስቆረጥም አይሞከር፤ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ለቅሶውም አይቆምም።

አይነቃም፣ ጨዋ ነው

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት እንዲህ ያለውን ልጅ አታመስግኑት፤ ቀስቅሱት። ወደ ልደት ክብደቱ እስኪመለስ ድረስ ቢተኛም በየ3 ሰዓቱ ይጥባ። ልብሱን ግለጡለት፣ ውስጥ እግሩን እሹት፣ ቆዳ ለቆዳ አቅፋችሁ ጡቱን አፉ ላይ አስነኩት። ነቅቶ በደንብ ከጠባ፣ ሲውጥም ከተሰማችሁ መልካም። ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ መልሶ ካሸለበ ምክንያቱ ይፈለግ። ወተት አንሶት፣ በርዶት፣ ኢንፌክሽን ይዞት ወይም ቆዳው ቢጫ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ቢጫነቱ በጨለማ አራስ ቤት አይታይም። ወደ መስኮት ውሰዱት፣ በቀን ብርሃን ግንባሩን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ከታየ ጤና ባለሙያ ይየው። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ፀሐይ ማሞቅ ሕክምናውን አይተካም።

መጥባት ካቆመ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ፣ ሳያለቅስ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካልነካችሁት በቀር ካልተንቀሳቀሰ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አታሳድሩት። መኪና እስኪመጣ እናት ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ ትቀፈው፣ ከላይ ጋቢ ይደረብ፣ አፍንጫው ይታይ። መጥባት ከቻለም መንገድ ላይ ጡቷን ትስጠው።