ዕጣኑ መጨረሻ ላይ ነው

አራት ቁጥር ክፍልን ሦስት ቀን ሙሉ ዕጣን አጨስኩበት። ጠዋት ነጩን ዕጣን፣ ከሰዓት ከርቤውን፣ ማታ ደግሞ የሶማሌ ሴቶች የሚሸጡትን ኡንሲ። ጭሱ ሲያልቅ ያ ሽታ ተመልሶ ቁጭ። የበሰበሰ እንቁላል አትሉት፣ የሞተ አይጥ አትሉት። ክፍሉን የተከራየው እንግዳ አንድ ሌሊት አድሮ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ፤ ምክንያቱን አልተናገረም፣ አፍንጫውን ሲሸበሽብ ግን አይቼዋለሁ። በአራተኛው ቀን የሌላ ክፍል ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ አሸተተና «አቦ፣ አንቺ ዕጣኑን ለማን ነው የምታጨሺው? ጉድጓዱ እኮ ውኃ ጠምቶታል!» አለኝ። የድሬ ልጅ ለእናቱም ለሹሙም «አንቺ»፣ «አንተ» ስለሚል አልተቀየምኩትም። አንድ ጆግ ውኃ ቀዳና መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ አፈሰሰው። መስኮቱን ከፈትን። ከሰዓት በኋላ አራት ቁጥር ምንም አይሸትም ነበር።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ማሰናዳት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ተቀጣሪ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የማጨሰው ሽታው ከየት እንደመጣ ካገኘሁ በኋላ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍሳሽ ቀዳዳ ሥር ሲፎን የሚባል የታጠፈ ቱቦ አለ። እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ክዳን ነው፤ የፍሳሹን አየር ወደ ቤት አያሳልፍም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ሰው ያልገባበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያ ውኃ ቀስ በቀስ ተንኖ ያልቅና ክዳኑ ይከፈታል። ስለዚህ በማትጠቀሙበት ቀዳዳ ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሊትር ያህል ውኃ አፍስሱ። ለረጅም ጊዜ ቤቱን ዘግታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከውኃው በላይ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩበት፤ ዘይቱ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። ውኃ አጠጥታችሁትም ከሸተተ ፀጉርና የሳሙና ዝቃጭ ታቅፏል ማለት ነው። ወንፊቱን አንሡ፣ ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ጎትታችሁ አውጡ። የሚወጣውን ነገር አልገልጽላችሁም።

ሌላው የመታጠቢያ ቤት ጣጣ የውኃችን ጠባይ ነው። የድሬ ውኃ ከበድ ያለ ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል፤ ሽንት ቤት ውስጥም እንዲሁ። ያ ድንጋይ ሽንት ይይዛል፣ ከላይ ብታጥቡት ሽታው ከሥር ይቀራል። አቼቶ አፍስሳችሁበት ሌሊቱን ይደርና ጠዋት በብሩሽ ፈትጉት። ወፍራም ከሆነ ሁለትና ሦስት ሌሊት ይፈልጋል። በረኪና ግን በዚያ ቀን እንዳትነኩ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን «ሁለቱም ያጸዳል፣ አንድ ላይ ቢሆን ይበረታል» ብዬ አቼቶና በረኪና ቀላቀልኩና እያለቀስኩ፣ እየሳልኩ በረንዳ ላይ ተገኘሁ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው። አንዱን በተጠቀማችሁበት ቀን ሌላው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆይ።

አየር ማስገባት ሁሉም ያውቃል፣ ሰዓቱን ግን ብዙ ሰው ይስታል። እኩለ ቀን ላይ መስኮት መክፈት ድሬ ላይ ሙቀትና አቧራ መጋበዝ ነው። እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት እከፍታለሁ፣ ዘግቼ መጋረጃ እጥላለሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደገና እከፍታለሁ። አንድ መስኮት ብቻ አይበቃም፤ ትይዩ ያለው መስኮት ወይም በር ካልተከፈተ አየሩ አያልፍም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ በተሠሩት የከዚራ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ከመስኮት የሚተያይ ክፍል ያጋጥማችኋል። እንዲህ ያለውን ክፍል ማናፈስ ቀላል ነው። ዛሬ የሚሠሩት ጠባብ ክፍሎች አንድ መስኮት ብቻ ስላላቸው በር ከፍታችሁ ቬንትሌተሩን ወደ ውጭ አዙሩት። ክንፎቹን ግን መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ የወሩን አቧራ ፊታችሁ ላይ እንዳይበትነው።

ፍራሽን በተመለከተ ፀሐያችን ከየትኛውም ሽቶ ትበልጣለች። የስፖንጅ ፍራሽ ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቁም፣ ይገልበጥ፣ ይግባ። ቀኑን ሙሉ ከተዋችሁት ስፖንጁ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። ሕፃን ከሸናበት እርጥቡን በደረቅ ጨርቅ ምጠጡ እንጂ አትፈትጉት፤ አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ እርጩበት፣ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ ለጥቂት ሰዓት ተዉትና አራግፉት። ሶዳው የሚሠራው ሽታውን በመሸፈን ሳይሆን ይዞት በመውጣት ነው። ከቤኪንግ ፓውደር ጋር አታምታቱት፤ ያ ለኬክ ነው።

ድሬ ላይ ስለ ቤት ሽታ እያወራ ጫትን የዘለለ ሰው ነገር ደብቋል። ጫቱ ሲገባ ሽታው ክፉ አይደለም፣ እንደ ታጨደ ሣር ነው። የሚያስቸግረው ገራባው፣ ተቅሞ የተረፈው ቅጠልና እንጨት ነው። ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ጥግ ላይ ካደረ ሙቀቱ ያብላላዋል። በዚያው ማታ አውጥታችሁ ለፍየል ስጡት፤ የሠፈራችን ፍየሎች እንደሆነ በር ድረስ መጥተው ይጠይቃሉ። ምንጣፉ ላይ የተንጠባጠበውን የሻይ ስኳርና ለስላሳ ለብ ባለ ውኃ ጥረጉት፣ አለበለዚያ ጠዋት ጉንዳንና ኮምጣጣ ሽታ አብረው ይጠብቋችኋል። ሲጋራ ከነበረ ሥራው ይረዝማል፤ ጭሱ ግድግዳ፣ ጣሪያና መጋረጃ ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም። መጋረጃውን በማግስቱ እጠቡ፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሆነ በዚያው በቀጠነው አቼቶ ወልውሉት። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ ይጠፋል።

ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቆሻሻ መጣያው አይደለም፣ የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ነው። አሽትታችሁት ታውቃላችሁ? የጨርቁን በየሁለት ቀኑ አፍልታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የስፖንጁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። የማንጎ ልጣጭ በወቅቱ ከቤት ይውጣ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ሥጋ ከሸተተ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አጥባችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ አድርቁት፤ በኋላ የከሰል ስባሪ በሰሃን ማስቀመጥ ይረዳል፣ ተአምር ግን አይሠራም።

እኅቴ የምትኖረው ሐረር ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ነገር ግን ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ስለሚጠጋ የእርሷ ችግር ሌላ ነው። ክረምት ላይ የድንጋይ ግድግዳው ወዝቶ ቤቱ ሻጋታ ይሸታል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀብታ ነው የተገላገለችው። የፕላስቲክ ቀለም ቀብታው በነበረ ጊዜ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን እያሳበጠ ይጥለው ነበር።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዕጣን ይምጣ። ፍሙ መጀመሪያ ውጭ ይቀጣጠል፤ ጥቁሩ ጠፍቶ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ፣ ካልሆነ ቤታችሁ ዕጣን ሳይሆን ከሰል ይሸታል። ዕጣኑ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ኡንሲ ስኳር ስላለበት ፍሙ ከጋለ ያርና ይመርራል፤ እኔ ፍሙ ላይ አመድ በማንኪያ በተን አድርጌ ነው የማስቀምጠው፣ ቀስ ብሎ እንዲያጨስ። ከቀፊራ ገበያ የምገዛውን ብርቱካን ልጣጩን አልጥልም፤ ጣሪያ ላይ አድርቄ ከነጩ ዕጣን ጋር ቁራሽ ጣል አደርግበታለሁ። ከርቤ ግን ለእንግዳ ክፍል አልመርጥም፣ ሽታው ከባድ ነው፤ ለጓዳ ይሁን። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ክፍል ጨርሶ አታጭሱ፤ ጠጅ ሳር በማሰሮ ተክላችሁ መስኮት ሥር አስቀምጡና ስታልፉ ስታገድሙ ቅጠሉን አሸት አድርጉት። ፍም ያለበትን ማጨሻ ይዞ በር ዘግቶ መተኛትማ ሞት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ምንም ሽታ ስለሌለው የለመደ አፍንጫ እንኳ አያስጠነቅቅም።

እንግዳ ማታ 1 ሰዓት የሚደርስ ከሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፍሙን አያይዛለሁ። 12 ሰዓት ላይ ማጨሻውን ክፍሉ መሐል ወለል ላይ አድርጌ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ሩብ ሰዓት አጨሳለሁ። ከዚያ ማጨሻው ወደ በረንዳ ይወጣል፣ በርና መስኮት ወለል ብለው ይከፈታሉ፣ አንሶላው በመጨረሻ ይነጠፋል። ክፍሉ አራት ቁጥር ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ጆግ ውኃ።