የአዲሱ ብሪጅ ቪሶች ከጊታሬ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ሲሉ

የጊታሬ ብሪጅ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት) ስለዛገ አዲስ ገዛሁ። ጊታሩ ስትራቶካስተር የሚባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ቅርጽ ያለው ርካሽ ነው። ሁለቱም ብሪጆች ባለ 6 ቪስ ስለሆኑ ፈትቶ ማሰር ብቻ መስሎኝ ነበር። አልገጠመም። ስለካው በአሮጌው ዳርና ዳር ቪሶች መካከል ያለው 52.5 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ ደግሞ 56.4 ሆኖ አገኘሁት።

በየዳሩ 2 ሚሊ ብቻ ነው ልዩነቱ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ እዚያው አጠገብ ስትበሳ ፑንታው ተንሸራቶ አሮጌው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ መድፈን ግድ ነው። በስቴክኒ እንዳትደፍኑት። የጊታሩ ክሮች ሲወጠሩ አንድ ላይ ወደ 40 ኪሎ ይስባሉ።

ቀዳዳዎቹን ወደ 8 ሚሊ አሰፋሁና ከወይራ እንጨት ድብልብል ዘንግ ጠርቤ፣ ኮላ ቀብቼ በቀስታ መታሁት። አሳደርኩት። ጠዋት የተረፈውን በመሮ ቆርጬ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ።

ልኬቱ ላይ ግን አትቸኩሉ። እኔ ከነት (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ ብሪጁ ሁለት የስፌት ክር ወጥሬ፣ በአንገቱ ግራና ቀኝ እኩል ክፍተት እስኪተው ድረስ ብሪጁን ገፋ መለስ አደረግሁ። ከዚያ በአሮጌው የቀዳዳ መስመር ላይ ምልክት አድርጌ በ2.5 ሚሊ ፑንታ በሳሁ። ጥልቀቱ እንዳያልፍ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቀለልኩ። ቪሶቹን ሻማ አስነክቼ አሰርኳቸው፤ ያለ ጭንቅ ገቡ።

ከብሪጁ ሥር ያለው ብረት በጊታሩ አካል ውስጥ የሚገባበትን ጉድጓድ ትንሽ ነክቶ ነበር፤ በሞረድ አሰፋሁት። የጊታሩን ክሮች አስሬ ቃኘሁ። ቀጭኗ ክር አሁን ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ካለው የብረት ዘንግ) ጠርዝ አትወጣም።