“ሦስት ዘፈን ጥሪ” ከማለታችሁ በፊት፦ አዲስ የሜታል አድማጭ ቤታችሁ ሲመጣ

የሜታልን፣ የዚያን በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮኽ ከባድ ሮክ፣ አዲስ አድማጭ “ሦስት ዘፈን ጥሪ” እያልን ለምንፈትን አንጋፋዎች ይህን ምክር የምጽፈው ከበደለኛው ወገን ሆኜ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የሜታል አድማጭ አልበም ሲቆጥር ሌላ አቆጣጠር አያውቅም።

በሐምሌ 2022 የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሽቱትጋርት ወደ እኔ ወደ ሃምቡርግ መጣች። ዕድሜዋ 16 ነበር። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ዓይኔ ደረቷ ላይ ዐረፈ። ጥቁር ቲሸርት ለብሳለች፤ “ሜታሊካ” ይላል፣ የአሜሪካኖቹ የሜታል ባንድ ስም፤ የመደብሩ እጥፋት ገና አልለቀቀውም። የ30 ዓመት ኩራቴ ከተኛበት ተነሣ። ውኃ እንኳን ሳላቀርብላት “እስቲ የእነሱን ሦስት ዘፈን ጥሪልኝ” አልኳት።

“አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣ አክስቴ” አለችኝ። “እሱን ግን እጄ እስኪያመኝ ድረስ አውቀዋለሁ።”

ዘፈኑ ከ1986ቱ አልበም “ማስተር ኦፍ ፓፔትስ” ነው። በዚያ ሰሞን እንደ ብዙ እኩዮቿ “ስትሬንጀር ቲንግስ” በተባለው ተከታታይ ፊልም አራተኛ ምዕራፍ ላይ ሰምታው፣ ከጓደኛዋ ጊታር ተውሳ ልትጫወተው እየታገለች ነበር። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ክንዷን ዘርግታ አሳየችኝ። የባንዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ጄምስ ሄትፊልድ ክሩን ወደ ታች ብቻ ነው የሚመታው፤ እጁ ወደ ላይ ሲመለስ አይመታም። ከስምንት ደቂቃ በላይ በሚፈጅ ዘፈን እንዲህ መምታት የእጅ አንጓን ያደርቃል፣ ከክርን በታች ያቃጥላል። እኔ አልበሙ ኮፐንሀገን ውስጥ እንደተቀረጸ አውቃለሁ። የባስ ጊታር ተጫዋቻቸው ክሊፍ በርተን በዚያው ዓመት መስከረም ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ እንደሞተም አውቃለሁ። ዘፈኑ ክንድ እንደሚያቃጥል ግን በ30 ዓመት ውስጥ የነገረኝ አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ፈተናውን መተው ነው። ቲሸርት የመግቢያ ፈተና ወረቀት አይደለም። ጥያቄው ደግሞ ለሁሉም እኩል አይቀርብም፤ ለልጆች፣ ለሴቶችና መልካቸው “የማይመስል” ለሆኑ ሰዎች ይበዛል። እኔ ራሴ በ1999 እዚሁ ሃምቡርግ ውስጥ አንድ የሙዚቃ ሸክላ መደብር ገብቼ ሻጩ ከእግር እስከ ራሴ ካየኝ በኋላ ያንኑ ጠይቆኛል። ሦስት ዘፈን ጠራሁለት፤ አልረካም። “ከየትኛው አልበም ነው የጀመርሽው?” አለኝ። “ከመጀመሪያው፣ ከ‘ኪል ኤም ኦል’” ብዬ ዋሸሁ። ያ አልበም በ1983 ሲወጣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ጥርሴን የምቀይር ልጅ ነበርኩ። ፈተና ያለበት ቦታ ሁሉ ኩረጃ አለ።

መጠየቅ ካማራችሁ “የትኛውን ቦታ ደጋግመሽ ትሰሚያለሽ?” በሉ። ይህን ጥያቄ አንድ ዘፈን የሚያውቅም አንድ ሺህ የሚያውቅም ይመልሰዋል፤ ከመልሱም ቀጥሎ ምን እንደምትሰጡት ታውቃላችሁ።

የገባችሁበትን በር አትደብቁ

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ለአንጋፋ ከባዱ ነው። እውነተኛውን አጀማመራችሁን ተናገሩ።

የእኔ እንዲህ ነው። በ1992 አንድ የሰፈራችን ልጅ ወንድሙ ከውጭ ያመጣለትን የሜታሊካን ጥቁር አልበም፣ የ1991ዱን፣ ገለበጠልኝ። አልበሙ 62 ደቂቃ ያልፋል፤ ካሴቴ የ60 ደቂቃ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ የመጨረሻው ዘፈን መሃሉ ላይ ቀጥ ይላል፤ ሁለተኛውም ገጽ ማለቂያው ላይ ይጎድላል። ጀርመን መጥቼ ሲዲውን እስክገዛ ድረስ እነዚያ ዘፈኖች እንዴት እንደሚያልቁ አላውቅም ነበር። ዛሬም ሳዳምጥ ካሴቱ የሚቆረጥበት ቦታ ሲደርስ ጆሮዬ ይጠብቃል።

ይህን ለዓመታት የደበቅሁት ያ አልበም በአንጋፋዎቹ ዘንድ “ለገንዘብ የተሸጡበት” ስለሚባል ነው። ቦብ ሮክ የተባለ ፕሮዲውሰር ገባ፣ ዘፈኖቹ አጠሩ፣ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ሬዲዮ ወደደው፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እኔ እንግዲህ የገባሁት በዚያ “ክህደት” በኩል ነው፤ የእህቴ ልጅ በፊልም በኩል ገባች። እውነቱን የነገርኳት በዚያው ሳምንት ነው። ሳቀችና “ታዲያ እኔ ካንቺ በአምስት ዓመት እቀድማለሁ” አለችኝ፤ የእሷ አልበም የ1986፣ የእኔ የ1991 መሆኑ ነው። መልስ አጣሁላት።

የቁጣውን ታሪክ በቅደም ተከተል ብታወሩላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ተረት ነው የሚመስለው። በ1984 ሁለተኛው አልበም ላይ “ፌድ ቱ ብላክ” በለሰለሰ ጊታር ስለጀመረ “ለዘቡ” ተባሉ። ቪዲዮ አንሠራም ብለው የኖሩት ሰዎች በ1989 “ዋን” ለተባለው ዘፈን ቪዲዮ ሲያወጡ እንደገና ተረገሙ። ቀጥሎ ጥቁሩ አልበም፤ ቀጥሎ በ1996 ፀጉራቸውን ተቆርጠው “ሎድ”ን ይዘው መጡና ሰው ፀጉር በመቆረጡ የተለቀሰበት ዘመን ሆነ። ዛሬ የ1984ቱን አልበም ደፍሮ የሚነካ የለም። “ሎድ”ን እኔም አልወደውም፤ ምክንያቴ ግን ፀጉር አይደለም፤ 79 ደቂቃው ረዘመብኝ።

ባንዱ ራሱ በ2022 በፊልሙ በኩል የመጡትን ልጆች የሚያባርሩ ሰዎች ሲበዙበት፣ የ40 ሰዓትም ሆነ የ40 ዓመት አድማጭ ሁሉ ቤተኛ ነው ብሎ በይፋ መለሰ። የአንዳንዱ አንጋፋ ጓደኛዬ ፊት ያን ቀን እንደ ኮሶ የጠጣ ሰው ነበር።

ድምፁን በሚያውቁት ነገር አስረዱ

እናቷ፣ ማለትም ታናሽ እህቴ፣ በስልክ “በስመ አብ! ምን ዓይነት ጩኸት ነው የምታስለምጃት?” ስትለኝ በበገና ነበር የመለስኩላት። በገና በጾም ወቅት ሲሰማ ያ የሚያንዘረዝረው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ ከየት ይመጣል? ከአውታሩና ከበርኩማው መካከል ከምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዝራው ነው። እንዝራው ባይኖር አውታሩ ጥርት ብሎ፣ ቀጥኖ በጮኸ ነበር። የሜታል ጊታርም ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የሚደረገው ለዚህ ነው፤ አንዱ በቆዳ፣ ሌላው በኤሌክትሪክ። “በገናን ከዚህ ጋር አታወዳድሪ” ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ነገሩ ግን ገብቷታል።

ለልጅቱ ደግሞ የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታር ተጫዋች የሆነውን የቶኒ አዮሚን የጣቶች ታሪክ ነገርኳት። በርሚንግሃም ውስጥ በብረት ፋብሪካ የሚሠራ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው በተጎዳው ቀኝ እጁ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፣ ቀጫጭን ክሮች ፈለገ፣ ቆይቶም ክሮቹን አላላቸው፤ በዚያው ድምፁ ወፈረ፣ ከበደ። የካቲት 13 ቀን 1970 የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም ሲወጣ ተቺዎች አጣጣሉት። “እውነተኛ ሜታል ምንድን ነው?” ብሎ ለሚከራከር ሁሉ መነሻው ይህ ይመስለኛል፤ የፋብሪካ አደጋና የቀለጠ ጠርሙስ።

አንድ ብቻ ስጡ

የስህተታችን ትልቁ የአንድ መቶ አልበም ዝርዝር መላክ ነው። ልጁ ዝርዝሩን አይቶ ያመሰግናል፤ አይከፍተውም። አንድ ስጡ፣ እሱም ከወደደው ነገር ጋር በክር የተያያዘ ይሁን። ፍጥነቱን ከወደደ ስሌየር የተባለውን ባንድ “ሬይን ኢን ብለድ” ስጡት፤ የ1986 ነው፤ 29 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ የሚፈራው ነገር የለም። ጎስት የተባለውን የስዊድን ባንድ በጭምብሉና በዜማው ከወደደ ወደ ኋላ ወስዳችሁ ዴንማርክ አድርሱት፤ መርሲፉል ፌት የተባሉት በ1983 “ሜሊሳ”ን ሲያወጡ ዘፋኙ ኪንግ ዳይመንድ ፊቱን ተቀብቶ ነበር። ዜማ ያለው ጩኸት ካማረው የስዊድኗ ከተማ የጎተንበርግ ልጆች አሉ፤ ከእነሱ የኢን ፍሌምስ ባንድ የ1996 “ዘ ጄስተር ሬስ” ይበቃል። ከዚያ ዝም በሉ። “ሰማሽው?” እያሉ በየቀኑ መደወል ከፈተና አይለይም።

ስጦታው ከእነሱም ወደ እናንተ ይምጣ። እህቴ ስለ ሃይማኖት ስትጨነቅ ያዳነችኝ ልጅቱ ናት። ቮይስ ኦፍ ባቼፕሮት የተባሉ፣ ከኢንዶኔዥያ ጋሩት የመጡ ሦስት ሂጃብ የለበሱ ሴቶች በዚያው በ2022 ቫከን በተባለው ትልቅ የጀርመን የሜታል ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሲጫወቱ የሚያሳይ ቪዲዮ አምጥታ ለእናቷ አሳየቻት። እኔ ስማቸውን እንኳን አልሰማሁም ነበር።

ክርክሩን አታቁሙ

ይህን ሁሉ ስል ሁሉም ነገር ጥሩ ነው በሉ ማለቴ አይደለም። ያ ትሕትና ሳይሆን ስንፍና ነው፤ ልጆቹም ያውቁባችኋል። በ2025 ስሊፕ ቶክን የተባለው ባንድ አልበም በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን “ይህ ሜታል ነው ወይስ አይደለም?” የሚለው ጭቅጭቅ እኛም ቤት ገባ። እኔ ግማሹ ፖፕ ነው ባይ ነኝ። እሷ “ታዲያ ግማሹስ?” ትላለች። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተነታረክን፤ በማግስቱ ሥራ ነበረኝ፤ አረጋውያን ነው የምንከባከበው፣ ሳለብሳቸው ቁልፍ አዛንፌ ነበር።

ለዚህ ክርክር አንድ ሕግ አውጥተናል። ተቃውሞ ያለው ሰው ዘፈኑን ከፍቶ ቦታውን በጣት ያሳያል። “እዚህ ጋ ከበሮው ሲገባ ጊታሩ ጠፋ፣ አልወደድኩትም” ማለት ይቻላል። “እናንተ የዘንድሮ ልጆች” ብሎ መጀመር ግን አይቻልም፤ የጀመረ ሰው ዕቃ ያጥባል። እስካሁን ብዙውን ዕቃ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

በሩ መዘጋት ያለበት ቦታም አለ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ጥቁር ሴት ሆኜ እዚህ አገር የኖርኩትን ያህል ኖሬ የሰዎች ጃኬት ላይ የተሰፋውን አርማ ማንበብ ተምሬአለሁ። ስዋስቲካ በጀርመን ሕግ ስለተከለከለ ብዙም የማይታወቅ ምልክት ወይም የናዚ አቋም ያለውን ባንድ ስም የሚለብሱ አሉ። አንድ ምሽት አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ አብረውኝ የቆሙት ሰዎች የአንዱን ልጅ አዲስ ቲሸርት እያዩ “አስመሳይ” ብለው ተሳሳቁ። ከፊታቸው እንዲህ ያለ አርማ የሰፋ ሰው ቆሟል፤ እሱን አይተው ዝም አሉ። ሄጄ ለጥበቃዎቹ ነገርኩ፤ አስወጡት። ዘበኝነት የሚያምራችሁ ከሆነ ሥራው እዚያ ጋ ነው።

ኮንሰርት ውሰዷቸው

የጆሮ መድፈኛ ግዙላቸው፤ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም፣ ጆሮ ደግሞ አይገዛም። ጫማው እግር ሲረገጥ የሚችል ይሁን። ሰው የሚገፋፋበት ክብ ውስጥ ለመግባት ከፈለጉ መነጽር አውልቀው፣ ጫማ አጥብቀው አስረው ይግቡ። የወደቀ ሰው ካዩም ሌላውን ሁሉ ትተው እጅና እጁን ይዘው ያንሡት፤ ይህን ሕግ ማንም ጽፎት አያውቅም፣ ሁሉም ይጠብቀዋል። ቫከን ለመጀመሪያ ጊዜ አይሁን፤ በ1990 ጥቂት መቶ ሰዎች የነበሩበት ሜዳ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚረገጥ ነው፤ በ2023 ጭቃው ስለበረታ በመንገድ ላይ የነበረ ሰው ሳይገባ ተመልሷል። አንድ ምሽት፣ አንድ አዳራሽ፣ የመመለሻ ባቡር ያለው ይበቃል።

እኛ እንኳን የጀመርነው ከትልቁ ነው። በግንቦት 2023 ሜታሊካ ሃምቡርግ ሁለት ምሽት ተጫወቱ፤ ዓርብና እሑድ፣ አንድም ዘፈን ሳይደግሙ። ገንዘባችን ለአንዱ ምሽት ብቻ ነበር የሚበቃው። ከዚያ በፊት በአምስተርዳምና በፓሪስ የተጫወቱትን የዘፈን ዝርዝር ስናይ የመጀመሪያው ምሽት በእሷ ዘፈን ይዘጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በ“ኢንተር ሳንድማን”፣ ማለትም በካሴቴ የመጀመሪያ ዘፈን። የዓርቡን ቆረጥኩ። ስታዲየም ውስጥ ያንን ስምንት ደቂቃ በሙሉ መድረኩን ሳይሆን የእሷን ቀኝ እጅ ነበር ያየሁት፤ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ጊታር የሌለበት አየር ላይ።

እሑድ ማታ ቤት ነበርን። የምኖረው ሉሩፕ ነው፤ ከስታዲየሙ አይርቅም። መስኮቱን ከፍታ “ነይ፣ ያንቺ ጀመረ” አለችኝ። ከበሮው በደንብ ይሰማል፣ ጊታሩ ይመጣል ይሄዳል። ሁለታችንም ክርናችንን መስኮቱ ላይ አስደግፈን ሰማን። መሃል ላይ ነፋሱ ዞረና ድምፁ ቀጥ አለ።

“ቆይ፣ አላለቀም እኮ” አለች።

“አውቃለሁ” አልኳት። “ካሴቴም እንደዚህ ነበር።”