የከተማን የመኪና ጭስ በአዲስ ሞዴል እንዴት ማስላት ይቻላል? አዳማን እንደ ምሳሌ

የጭስ ማስያ ሞዴል፣ ማለትም የመኪናን ጭስ የሚገምተው ሶፍትዌር፣ በተቀየረ ማግስት ቁጥሩ ይቀየራል፤ ጭሱ ግን ያው የትናንቱ ነው። ይህን ያላወቀ ኃላፊ ሪፖርቱን ሲያይ «በአንድ ዓመት እንዴት እንዲህ ሊጨምር ቻለ?» ብሎ ባለሙያውን ያፋጥጣል። አሜሪካኖች በዚህ አልፈዋል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ሞባይል 6.2 የተባለውን ሞዴል በሙቭስ ሲተካ፣ በብዙ አካባቢዎች የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና የብናኝ ግምት ከፍ ብሎ ወጣ። አየሩ በአንድ ሌሊት አልቆሸሸም፤ አዲሱ ሞዴል የተመሠረተበት የልኬት መረጃ ስለተለየ ነው። ለመሸጋገሪያ መጀመሪያ 2 ዓመት ተሰጠ፤ አልበቃ ብሎ ሌላ 1 ዓመት ተጨመረ። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ሽግግሩ ላይ ይበልጥ ይዘጋጁ።

መጀመሪያ ጥያቄዎን በአንድ ገጽ ይጻፉ። የሚፈልጉት የአዳማን የዓመት ድምር ነው ወይስ «ከባድ መኪና በቀን ወደ መሀል ከተማ ባይገባ ምን ይለወጣል?» የሚለውን መልስ? ለመጀመሪያው አማካይ ፍጥነት ይበቃል። ለሁለተኛው መንገድ በመንገድ የተለየ መረጃ ያስፈልጋል፤ ድካሙም የትየለሌ ነው።

ቀጥሎ ሞዴሉን ይምረጡ። ሙቭስ በነጻ ይገኛል፤ የመኪናውን እንቅስቃሴ በዝርዝር ስለሚከተልም ጠንካራ ነው። ነገር ግን አብሮት የሚመጣው መረጃ የአሜሪካ አውራጃዎች ነው፤ ከ13ቱ የመኪና ዓይነቶቹ ውስጥም ባጃጅ የለም። አይ-ቪ-ኢ የተባለው ሌላ ሞዴል የተሠራው በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ታስቦ ሲሆን ናይሮቢም ላይ ተሞክሯል። የአውሮፓው ኮፐርት ደግሞ መኪናን በነዳጅ ዓይነት፣ በሞተር መጠንና በዩሮ ደረጃ (በአውሮፓ የጭስ ገደብ ደረጃ) ይመድባል፤ የሚፈልገው አማካይ ፍጥነት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ መረጃው ገና እየተሰበሰበ ላለ ከተማ በኮፐርት መጀመር ይሻላል። ባጃጅን በየትኛው መደብ እንዳስገቡት ግን መጻፍ አይርሱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ካስገባው ንጽጽሩ ገደል ገባ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ መኪናዎቹን ወደ ማወቅ። የምዝገባ መዝገብ ብቻውን ያሳስታል። ጋራዥ ጥግ ሣር የበቀለበት ላዳም እዚያ ውስጥ እንደተመዘገበ ነው። ስለዚህ ቦሎ ያሳደሰውን ብቻ ይውሰዱ። ይህም ግማሹን ነው የሚፈታው፤ ምክንያቱም አዳማ ላይ ከሚያጨሱት መኪናዎች ብዙዎቹ የአዳማ አይደሉም። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄደው ተሳቢ የ«ኢት» ሰሌዳ የለጠፈ ነው፤ የከተማዋ መዝገብ አያውቀውም። መፍትሔው መንገድ ዳር ቆሞ መቁጠር ነው፦ በአንድ ወረቀት ላይ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ የቤት መኪና፣ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ተሳቢና አውቶቡስ የሚሉ ዓምዶች፤ በገበያ ቀንም በአዘቦትም፣ በመናኸሪያው አካባቢም በመውጫዎቹም። ኮድ 3 ብሎ በጅምላ መመዝገብ ፒክአፕና ተሳቢን አንድ ያደርጋል፤ ለሞዴሉ እነዚህ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ መክፈያ ጣቢያዎች ተሽከርካሪን በዓይነት ለይተው ስለሚያስከፍሉ፣ ያንን ቆጠራ በደብዳቤ ጠይቆ ማግኘት ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የመኪናው ዕድሜ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። ሞዴሉ የሚፈልገው የተሠራበትን ዘመን ነው፣ አገር ውስጥ የገባበትን አይደለም። ያገለገለ ቪትዝ ሰሌዳ ሲለጠፍለት ብዙ ዓመት በልቶ ነው የመጣው። ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመን በፈረንጅ፣ የተመዘገበበት ቀን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሊሰፍር ስለሚችል፣ ወደ ኤክሴል ከማስገባትዎ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ይመልሱ። ይህ ካልተደረገ በ2008 ዓ.ም. የተመዘገበ መኪና ከ7 እስከ 8 ዓመት አርጅቶ ቁጭ ይላል። የዩሮ ደረጃውንም ከወረቀት ብቻ አይውሰዱ፤ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት የተነቀለበት መኪና በስም እንጂ በተግባር ዩሮ 4 አይደለም።

የሚሮጠውን ኪሎ ሜትር ለማወቅ ሾፌሮቹን ይጠይቁ። «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ?» ሲባል ሁሉም የመሰለውን ይላል። «ስንት ምልልስ ትሠራለህ? የስንት ብር ነዳጅ ትቀዳለህ?» ብትሉት ግን ሳያመነታ ይነግራችኋል። የመስመሩን ርዝመት ራሳችሁ ለክታችሁ ማባዛት ነው። ፍጥነትን ደግሞ ስልክ ላይ ባለ ጂፒኤስ መያዝ ይቻላል፤ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍሮ ጠዋትም፣ ከሰዓትም፣ ማታም። ጋሪ በሚበዛበት ሰፈር ጋሪው ራሱ ባያጨስም ከኋላው የተሰለፈውን ሁሉ ያዘግማል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ደግሞ መኪና በኪሎ ሜትር የሚለቀው ጭስ ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ዳገትና ጭነት ነው። ኮፐርት ለከባድ መኪናዎች የመንገድ ተዳፋትና የጭነት መጠን ያስገባል። ከመተሐራ አዳማ ድረስ መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ደግሞ ገና ይቀጥላል። የገቢ ዕቃ የጫነው ተሳቢ ሽቅብ ነው፤ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ቁልቁል ይወርዳል። ሁለቱን አማካይ አድርጎ «ግማሽ ጭነት፣ ሜዳ መንገድ» ብሎ መሙላት ሽቅብ የሚወጣውን ጭስ ይውጠዋል። ስለዚህ መስመሩን በሁለት አቅጣጫ ከፍለው ለየብቻ ያስሉ። ከፍታውንም አይርሱ፦ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለው አየር ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ የሞተሩ አቃጠልም ይለወጣል። የሙቀት መጠኑን ከአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት መረጃ ይሙሉ፤ ሶፍትዌሩ ላይ የነበረው የአውሮፓ ክረምት እንዳለ ከቀረ፣ አዳማ ላይ ከሚወጣው በላይ የቀዝቃዛ ሞተር ጭስ ይቆጠርባችኋል።

መረጃው ሲሟላ እስካሁን ይሠራበት የነበረውን አሮጌውንም አዲሱንም ስሌት በአንድ ዓይነት መረጃ ጎን ለጎን ያስኪዱ። አሮጌው በኤክሴል የተሠራ ቀላል ብዜት ቢሆንም እንኳ። ከዚያ የመነሻ ዓመቱን በአዲሱ ሞዴል እንደገና ያስሉ፤ የዘንድሮውን በአዲሱ፣ የመነሻውን በአሮጌው ሠርቶ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ሁለት የተለያየ ሚዛን ላይ የተመዘነ ጤፍ እንደማወዳደር ነው። ልዩነቱ ከፍ ያለ ከሆነ አንድ በአንድ እየቀየሩ ይፈትሹ፦ መጀመሪያ ፍጥነቱን ብቻ፣ ቀጥሎ ዕድሜውን፣ ከዚያ ጭነቱን። የትኛው ቁጥሩን እንዳነሣው ወዲያው ይታያል።

የውጤቱ ማመሳከሪያ ነዳጅ ነው። ለምሳሌ 1,000 የናፍጣ ሚኒባሶች እያንዳንዳቸው በቀን 120 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ፣ በ100 ኪሎ ሜትርም 10 ሊትር ይጨርሳሉ እንበል። በቀን 12,000 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ ድምሩ ወደ 32 ቶን ይጠጋል። ሞዴሉ የዚህን እጥፍ ካወጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ከማደያዎች ሽያጭ ጋር ሲያመሳክሩ ግን በአዳማ በኩል አልፎ የሚሄደው ተሳቢ የሚቀዳው ነዳጅ እዚህ ሁሉ እንደማይቃጠል ያስቡ። የብናኙን ውጤት ከአየር ጥራት መለኪያ ጋር ሲያስተያዩም እንዲሁ፦ የአዳማ ነፋስ የሚያነሣው የመንገድ አቧራ በጭስ ስሌት ውስጥ የለም።

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው ቁጥር እየጨመረ ስለሆነ ለብቻው መደብ ይክፈቱለት። ከጭስ ማውጫው ዜሮ ነው፤ የጎማና የፍሬን ብናኙ ግን ይቆጠራል።

በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ፦ የሞዴሉን ሥሪት ቁጥር፣ የገባውን መረጃ፣ የወጣውን ውጤት፣ ማን መቼ እንዳስኬደው፣ የተገመተው ነገር ሁሉ ምን እንደነበር። ሥራውን ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንዱ ሲዛወር የይለፍ ቃሉም ዘዴውም አብሮት እንዳይሄድ። አዲስ ሥሪት ሲወጣ በመሀል አይቀይሩ፤ የዓመቱ ሪፖርት ካለቀ በኋላ በዚያው መረጃ አስኪደው ልዩነቱን ከመዘገቡ በኋላ ይሸጋገሩ።