መካኒክ ያበላሸውን ሥራ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ኮሮላዬ ከጋራዥ በወጣች በ12ኛው ቀን ጎተራ አካባቢ ሙቀት ጨመረች። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ቀዩ ስትጠጋ ዳር ያዝኩና ሞተር አጠፋሁ። የቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ገና መቀየሩ ነው። የእጅ ዋጋ ከፍያለሁ፣ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ አራት ቀን በታክሲ ሰልፍ ተንገላትቻለሁ። በጣም ተናደድኩ። ደግነቱ ስልኬ ላይ ከሥራው በፊት ያነሳኋቸው ሦስት ፎቶዎች ነበሩ። እዚያው ቆሜ የቀስቷን አራተኛ ፎቶ አነሳሁ። ነገሩ የተፈታው በእነዚህ ፎቶዎች ነው።

ስለዚህ የምነግራችሁ የሚጀምረው መኪናው ከመበላሸቱ በፊት ነው።

1. ምልክቱን ንገሩት፣ በሽታውን ለእሱ ተዉለት

"ካንዴላ ቀይርልኝ" ካላችሁት ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ይቀይራል። መንቀጥቀጡ ካልቆመ "ያዘዝሽኝን ሠርቻለሁ" ይላል፤ እውነቱን ነው። "ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ስትሞቅ ይተዋታል" በሉት። ያኔ ምክንያቱን ማግኘት የእሱ ሥራ ይሆናል።

2. የተነጋገራችሁትን ጻፉ

ብዙ ትንንሽ ጋራዦች የሥራ ትዕዛዝ ቅጽ የላቸውም። ደብተር ግን አይጠፋም። ቀኑን፣ ኪሎሜትሩን፣ የሚሠራውን ሥራ፣ የእጅ ዋጋውንና ቀብዱን ጻፉ። ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፣ መኪናው መቼ እንደሚወጣ፣ ሥራው ቢበላሽ በስንት ቀን ውስጥ በነጻ እንደሚደገምም ይግባ። ሁለታችሁም ፈርሙና ፎቶ አንሱት። "አታምኚኝም እንዴ?" ብሎ ቅር ካለው በቴሌግራም "ጋሼ፣ ዛሬ የተነጋገርነው ይህን ነው" ብላችሁ ላኩለት። "እሺ" ብሎ ከመለሰ ይበቃል።

የኪሎሜትር ቆጣሪውንም ፎቶ አንሱ። ትርፍ ጎማውና ክሪኩ መኖራቸውንም አብራችሁ እዩ።

3. ዕቃውን አብራችሁ ግዙ፣ አሮጌውን ውሰዱ

መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ብቻችሁን ሄዳችሁ የገዛችሁት ዕቃ ከተበላሸ ጋራዡ ዕቃውን ይወቅሳል፣ ሻጩ ደግሞ ገጣሚውን። እናንተ መሃል ላይ ትቀራላችሁ። ስለዚህ መካኒኩ ራሱ ይምረጥ፤ ካልሆነም ከመግጠሙ በፊት አይቶ "ጥሩ ነው" ይበል። ካርቶኑን ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኙን ያዙ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ጠይቁ። አሮጌውን ያላሳያችሁ ሰው መቀየሩን በምን ታውቃላችሁ?

4. ስትረከቡ አትቸኩሉ

ከመክፈላችሁ በፊት መካኒኩን ጎን አስቀምጣችሁ ንዱ። ዳገትም ይኑርበት፣ የሚያንገጫግጭ መንገድም። ጎማ ተፈትቶ ከነበረ ዳዶዎቹ (ጎማውን የሚያስሩት) ሲጠብቁ ቁማችሁ እዩ። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉት ላይ የጎማ ዳዶ የማጥበቂያ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። መካኒኩ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከሌለው፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብላችሁ እንደገና አስፈትሹት።

ማታ ደግሞ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፉና ጠዋት እዩት። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይና ቅባታማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ወይም የመሪ ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ውኃ ውኃ የሚል ከሆነ የራዲያተር ነው። ጥርት ያለ ውኃ ብቻ ከሆነ ኤሲው ያንጠባጠበው ነው፣ አያስጨንቅም። ጎማው አጠገብ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ካያችሁ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል፤ መኪናውን እንዳትነዱት።

5. ችግር ሲመጣ ሌላ ሰው እንዳይፈታው

ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። ተናዶ ሌላ ጋራዥ ያስገባል፣ ያ መካኒክ ይፈታታል፤ የመጀመሪያው ደግሞ "እኔ የገጠምኩትን ሌላ ሰው ነክቶታል" ይላል። መልስ የለውም።

ፍሬን፣ መሪ፣ ሙቀት ወይም የዘይት መብራት ከሆነ ቁሙና አስጎትቱ። ድምፁን ቅረጹ፣ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ጻፉ። የፈላ ራዲያተር ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ፊት ያቃጥላል።

የጓርኒሲዮን ሥራ ሲበላሽ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሳይፈስ የራዲያተር ውኃ ይጎድላል። ሞተሩ ሲነሳ ውኃው ውስጥ አረፋ ይወጣል። የጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ያወጣል። የዘይቱ ክዳን ውስጡ እንደ ማኪያቶ ሊመስል ይችላል። እኔ ከእነዚህ ሁለቱን አይቻለሁ።

6. ስትመለሱ ጠዋት ሂዱ፣ ባለቤቱን አግኙ

ደንበኛና ረዳቶች ፊት የተሰደበ መካኒክ ጥፋቱን ቢያውቅም አያምንም። ለብቻው አነጋግሩት። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። መኪናዋ በ12 ቀኗ ሙቀት ጨመረች። የሄደችው 340 ኪሎሜትር ነው። ይኸው ፎቶው።"

"ልጄ፣ ዕቃው ነው። የአሁን ጓርኒሲዮን እንደ ድሮው መሰለሽ?"

"ዕቃውን አብረን ነው የገዛነው፣ እርስዎም አይተው ጥሩ ነው ብለውኛል። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ነበር?"

ትንሽ ዝም አለ። "በዓይን ስናየው ደህና ነበር" አለኝ።

ይቺ መልስ ሁሉንም ነገረችኝ። አንዴ የፈላ የአሉሚኒየም ቴስታታ ሊጣመም ይችላል። በእኔ ኮሮላ ሞተር፣ በዋን ኤንዜድ፣ የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። ይህን ዓይን አያየውም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋድሞ ከሥሩ የሚያልፈውን ክፍተት በስስ መለኪያ ብረት መለካት ያስፈልጋል። ከልኩ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ በማሽን ይስተካከላል። ይህ ሳይሆን ምርጥ ጓርኒሲዮን ቢገባም አይዝም። የቴስታታው ብሎኖችም የማጥበቂያ ልክ አላቸው። ከመሃል ወደ ዳር በተራ 29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ይዞራሉ፣ እንደገና 90 ዲግሪ። "በእጄ ልኩን አውቀዋለሁ" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ቶርክ ሬንቹን ጠይቁት።

ጥፋት ሲገኝ "ገንዘቤን መልስ" ከማለት የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ። የእኔ ጥያቄ አራት ነበር፤ ቴስታታው እኔ ባለሁበት ይለካ፣ የእጅ ዋጋ ሁለተኛ አልከፍልም፣ አዲሱን ጓርኒሲዮን ጋራዡ ይግዛ፣ የሚወጣበት ቀን ይጻፍ። ተስማማ። የቶርኖ ቤቱን ግን እኔ ከፈልኩ። መጀመሪያም ቢሆን መክፈል የነበረብኝ ወጪ ነው፤ እሱን በሰው ላይ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም።

7. ካልተስማማ

ሌላ ጋራዥ መኪናውን ሳይፈታ እንዲያየው አድርጉ። ማን እንደሠራው አትንገሩት፤ የሙያ ባልደረባውን ላለማሳጣት ሲል ይለሳለሳል፣ ወይም ተፎካካሪው ከሆነ ያጋንናል። ያገኘውን ጽፎ ይፈርምላችሁ።

ቀጥሎ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው ፈልጉ። ጋራዡን የጠቆማችሁ ደንበኛ ወይም የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ጥሩ ሽማግሌ ይሆናል። መካኒኩ ነገም ከእነሱ ጋር ይሠራልና ይሰማቸዋል። ብዙው ጉዳይ እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከዕቃ ሌላ አገልግሎትንም ይሸፍናል፤ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥም ያስገድዳል። ደረሰኙን፣ የደብተሩን ገጽ፣ ፎቶዎቹንና የሁለተኛውን መካኒክ ጽሑፍ ይዛችሁ ቶሎ ሂዱ። ወራት ካለፉ ጥፋቱ ከሥራው ይሁን ከአነዳዳችሁ ማስረዳት ይከብዳል። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ጊዜ ይበላል፤ ጉዳቱ ትልቅ ሲሆን ብቻ ሂዱበት። በተበላሸ ፍሬን ሰው ከተጎዳ ግን ጉዳዩ የትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ወዲያው አሳውቁ።

8. የተደገመውንም ሥራ ፈትሹት

ኮሮላዋ በሦስተኛው ቀን ወጣች። ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የውኃ መጠባበቂያውን ምልክት ለአንድ ሳምንት አየሁ፤ የዘይቱንም ዲፕስቲክ (የመለኪያ ዘንግ)። ከዚያ ወደ እንጦጦ ነዳኋት፤ ዳገት ነውና የሙቀት ፈተና ነው። ቀስቷ መሃል ላይ ቆየች። መካኒኩ ጋ ደውዬ ነገርኩት። "የውኃውን መጠን ግን አሁንም እያየሽ" አለኝ። እያየሁ ነው።