የደረቀ ጓርኒሲዮንን ከሞተርሳይክል ሞተር ላይ ሳይቧጥጡ እንዴት ማንሣት ይቻላል?

የሞተር ክዳን ፈትቶ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጓርኒሲዮን (ጋስኬት) ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ካቻቢቴ ነው። ጉዳቱም ከዚያ ይጀምራል። ጓርኒሲዮኑ በሁለት የሞተር ክፍሎች ፊት መካከል ገብቶ ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋ፣ በጥቂት ገንዘብ የሚተካ ወረቀት ነው፤ የተጣበቀበት አሉሚኒየም ግን ውድ ነው፣ ከካቻቢቴው ብረትም በጣም ይለሰልሳል። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ከውስጥ ጠርዝ ወደ ውጭ ጠርዝ ከተሻገረ ለዘይቱ ቦይ ተቆፈረለት ማለት ነው፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባም ማንጠባጠቡ አይቀርም። ስለዚህ ጊዜዎን ወረቀቱን በማለስለስ ያጥፉ፤ ከለሰለሰ መፋቁ ቀላል ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው የሆንዳ ሲጂ 125ንና ያንኑ ንድፍ ተከትለው በቻይና የሚሠሩትን ሞተርሳይክሎች የቀኝ ጎን ክዳን ነው፤ ከሥሩ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) አለ። አየር የሚያቀዘቅዛቸው ሌሎች ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮችም ከዚህ ብዙም አይርቁም።

ለሥራው የሚያስፈልጉት፦ የፕላስቲክ ስፓቱላ (ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድም ይሠራል)፣ ጫፉ የተሳለ የናስ ቁራጭ፣ ጥቂት አዳዲስ ምላጮች ከመያዣቸው ጋር፣ የናስ ብሩሽ፣ የላስቲክ መዶሻ፣ ግማሽ ሊትር አሴቶን ወይም ቲነር፣ ክር የማይጥል ጨርቅ፣ ካርቶን፣ የላስቲክ ከረጢት፣ ጓንትና የዓይን መነጽር። ትክክለኛው አዲስ ጓርኒሲዮንም ከመፍታትዎ በፊት እጅዎ ላይ ይኑር።

ክዳኑን ማላቀቅ

ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አስነሥተው ያሙቁት፤ ከዚያ አጥፍተው ዘይቱን ያፍስሱ። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ኪኩን (በእግር ማስነሻውን)፣ የእግር መርገጫውንና ክዳኑ ላይ የሚያያዝ ከሆነ የፍሪሲዮኑን ኬብል ያውጡ።

የክዳኑ ቡሎኖች ርዝመታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሥለው እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቦታ ይሰኩት። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቀዳዳው መጨረሻ ላይ ይደርስና ሳያጠብቅ ይቆማል፤ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ደግሞ ጥቂት ጥርስ ብቻ ይዞ አሉሚኒየሙን ይልጠዋል። ሁሉንም በመስቀለኛ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ሩብ ዙር ብቻ ያላሉ። ጭንቅላቱ ሊበላ የደረሰ ካለ በመዶሻ እየተመታ የሚዞረውን ካቻቢቴ ይጠቀሙ።

ቡሎኖቹ ወጥተው ክዳኑ ካልተነቃነቀ በሁለቱ ፊቶች መካከል ምንም ነገር አያስገቡ። ወጣ ወጣ ያሉትን ወፋፍራም ጠርዞች ዙሪያውን በላስቲክ መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ። እንቢ ካለ የቀረ ቡሎን መኖሩን ይመልከቱ፤ ጭቃ የሸፈነው ቡሎን ተረስቶ ክዳን የሚሰነጠቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ክዳኑ ሲለቅ አቅጣጫ የሚያስይዙትን ሁለት ፒኖች ይፈልጉ። አንዳንዴ ከሞተሩ፣ አንዳንዴ ከክዳኑ ጋር ይቀራሉ፤ ዘይት ማፍሰሻው ሳህን ውስጥም ይወድቃሉ።

መሸፈን

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። የሚፋቀው ወረቀት ፍርፋሪ ወደ ውስጥ ከገባ መጨረሻው የዘይት ወንፊት ነው፤ ወንፊቱ ሲደፈን ፓምፑ ዘይት ያጣል። የፍሪሲዮኑን ቅጠሎችና የዘይት ቀዳዳዎቹን በላስቲክ ከረጢትና በጨርቅ ይሸፍኑ። የጨርቆቹን ብዛት ጽፈው ይያዙ፤ ሲጨርሱም ቆጥረው ያውጡ። በአሴቶን የራሰ የፍሪሲዮን ቅጠል ሊበላሽ ይችላል፤ የኪኩ ዘይት መያዣ ላስቲክና የሞተሩ ቀለምም ከአሴቶን ጋር አይስማሙም።

ማለስለስ

መጀመሪያ ያለምንም ፈሳሽ በፕላስቲኩ ስፓቱላ ይሞክሩ፤ የሚነሣው ይነሣል። የቀረው ላይ በአሴቶን ወይም በቲነር የራሰ ጠባብ ጨርቅ ያንጥፉ፤ እንዳይተን በላስቲክ ሸፍነው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይተዉት። ሞተሩ ቀዝቅዞ መሆን አለበት፤ ቦታው አየር የሚያገኝ፣ እሳትም ሲጋራም የሌለበት ይሁን። አንዴ ካልበቃ ይድገሙት። ሦስት ጊዜ ማራስ አንድ ጊዜ ከመቧጠጥ ይሻላል።

በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ የጓርኒሲዮን ማስለቀቂያ ከአሴቶን ይፈጥናል። ብዙውን ጊዜ ኃይለኛ ኬሚካል ስላለው ቆዳ ያቃጥላል፣ ቀለም ይልጣል፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያክብሩ። በሙቅ አየር መንፊያ ማሞቅም ሙጫውን ያላላል፤ ነገር ግን ቲነር የነካው ቦታ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም።

የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ እንዲሞክሩ የሚመክር ሰው አይጠፋም። አይስሙት። በተለይ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ወረቀቱ ሳይለቅ ፊቱ ይበላል።

የቀረው ነገር ላስቲክ የሚመስል ከሆነ ያለፈው መካኒክ የቀባው ሲሊኮን ነው። አሴቶን አያሟሟውም። በፕላስቲክ ስፓቱላ ከጠርዙ ይጀምሩና በጣት እያሹ እንደ ማስቲካ ያንከባልሉት።

መፋቅ

ስፓቱላውን ወይም ናሱን ወደ ፊቱ በጣም አስተኝተው፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ማዕዘን፣ ከራስዎ ወደ ፊት ይግፉ። ቀጥ ብሎ የቆመ መሣሪያ ይቆፍራል። ከጎን ወደ ጎን መፋቅ ዘይት የሚያሾልክ ጭረት ይሠራል፤ በጠርዙ ርዝመት ተከትለው ይሂዱ።

ምላጭ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሁለቱን ማዕዘኖቹን በድንጋይ ትንሽ ይዶልዱሙ፤ የሚቆፍረው ስለቱ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው። የደነዘዘ ምላጭ ኃይል ያስጠቅማል፣ ኃይል ደግሞ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩት። በፒኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን በናስ ብሩሽ ወይም በተሳለ ጠንካራ እንጨት ያንሡ። የብረት ሽቦ ብሩሽ በዚህ ሥራ ቦታ የለውም።

በመሰርሰሪያ ላይ የሚገጠመው ሻካራ መጥረጊያ ዲስክ በደቂቃ ውስጥ ያበራል፤ አደጋው ከዓይን የተሰወረ ነው። ዲስኩ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደቃቅ ፍርፋሪ ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታዎችን (የሚሽከረከሩ ክፍሎች የሚያርፉባቸውን) ይፈጫል። ጄኔራል ሞተርስ ይህንኑ በመኪና ሞተር ላይ እንዳይሠሩ ለመካኒኮች የቴክኒክ ማሳሰቢያ እስከ መላክ ደርሷል።

የድሮ ሞተር ከሆነ፣ በተለይ የቴስታታ (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮኑ፣ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ደረቁን አይፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አይሹ፣ በአየር አይንፉ። እንደራሰ ያንሡትና በከረጢት አስረው ያስወግዱ።

የሲሊንደር ሥር ጓርኒሲዮን

እዚህ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ሲሊንደሩ ሲነሣ የክራንክ ቤቱ አፍ ይከፈታል። በቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር በሚያገናኘው ዘንግ) ዙሪያ ጨርቅ ይጎስጉሱ፣ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ሰንሰለት መውረጃ ወይም የዘንጎቹን መተላለፊያም አይርሱ። ፒስተኑ ከጠርዝ ጋር እንዳይጋጭ ሹካ የመሰለ እንጨት ከሥሩ ያስገቡ። የዚህ ጓርኒሲዮን ውፍረት የሞተሩን መጭመቅ ይለውጣል፤ ከካርቶን ተቆርጦ የሚሠራ ምትክ ለፍሪሲዮን ክዳን ያስኬድ ይሆናል፣ እዚህ ግን አይገባም።

መፈተሽና መመለስ

ፊቱን በአሴቶን ጠርገው ጥፍርዎን በጠቅላላው ዙሪያ ያሂዱ። የሚይዝ ነገር ካለ ወረቀት ነው ወይም ጭረት። ጠርዙ ተነሥቶ የቆመ ጭረት በዘይት በራሰ ጠፍጣፋ መሳያ ድንጋይ ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ክዳኑ ብቻውን ከሆነ ወፍራም መስተዋት ላይ 400 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈው በስምንት ቅርጽ ያሽከርክሩት፤ ከዚያ በደንብ ይጠቡት። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስቀምጠው ከሥሩ 0.05 ሚሊሜትር የክፍተት መለኪያ ቅጠል የማይገባ ከሆነ ፊቱ ደህና ነው።

ጨርቆቹን ቆጥረው ያውጡ፣ ወንፊቱን አውጥተው ይጠቡ፣ ፒኖቹን ይመልሱ። አዲሱን የወረቀት ጓርኒሲዮን በክዳኑ በኩል በጣም ስስ ግሪስ ይቀቡት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይቀደድ ይነሣል። የቴስታታው ግን አምራቹ ካላዘዘ በቀር በደረቁ ይገባል። ሲሊኮን አይጨምሩ፤ ወደ ውስጥ የሚተርፈው ተቆርጦ ወንፊቱን ይደፍናል። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸውን የክዳን ቡሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ሁለት ሦስት ጊዜ እየዞሩ ወደ 10 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ዘይቱን ሞልተው ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያስነሡ፤ አጥፍተው ከክዳኑ ሥር ነጭ ወረቀት ያንጥፉና ጠዋት ይመልከቱት።