በፓሪስ ሆቴል የአይብ እራት ላይ ይሉኝታ የሚያሠራን ስህተቶች

ፓሪስ ውስጥ ትልልቅ ሆቴሎች አንዳንዴ አይብ ሠሪ ጋብዘው ልዩ እራት ያዘጋጃሉ። ሼፉ ምግቡን በእንግዳው አይብ ይሠራል። ሰውየው ደግሞ በየጠረጴዛው እየዞረ ስለ ላሞቹና አይቡን ስለሚያቆይበት ምድር ቤት ያወራል። ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሄደው እንዲህ ያለ ግብዣ ከገጠመዎት አይለፍዎት። ርካሽ ግን አይደለም። ያን ያህል ተከፍሎበት አንገት ደፍቶ መመለስ ያስቆጫል። የእኛ ሰው እዚያ የሚሠራቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ካለማወቅ ሳይሆን ከይሉኝታ የሚመጡ ይመስለኛል።

ቀኑን ሳያዩ ማስያዝ

የፈረንጆቹ ገና ሰሞን ሆቴሉ ሁሉ ድግስ በድግስ ይሆናል። ያ ሰሞን ለእኛ ጾመ ነቢያት ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገናችን ለጾመኛ አይብ የለም። ረቡዕና ዓርብም እንደዚያው። ሰው ላለማስቀየም «እሺ» ብሎ ሄዶ የአይብ እራት ላይ ሰላጣ መቆርጠም ለጋባዡም ለተጋባዡም ጣጣ ነው። «ጾም ነው፣ ሌላ ቀን ይሁን» ማለት ነውር የለውም።

የማይበሉትን ነገር መደበቅ

እናቶቻችን አይብ የሚያወጡት አሬራውን እሳት ላይ ጥደው ነው። ሌላ ነገር አይገባበትም። የፈረንሳይ አይብ ግን አብዛኛው የሚረጋው በሬኔት ነው፤ ይህም ከጥጃ፣ አንዳንዴም ከበግ ግልገል ጨጓራ የሚወጣ ኢንዛይም ነው። ኮምቴና ሮክፎር የሚባሉት ታዋቂ አይቦችም የሚሠሩት በእንስሳ ሬኔት ነው። ኤፗስ የሚባለው አይብ ቅርፊት ደግሞ ከወይን ቅሪት በሚወጣ የቡርጎኝ አረቄ ይታጠባል። ሙስሊም ከሆኑ ወይም ከእንስሳ የሚወጣ ነገር የማይበሉ ከሆነ ቦታ ሲያስይዙ ይንገሯቸው። እራቱ ቀርቦ አስተናጋጁ ሲያፋጥጥዎት ያኔ ይቸግራል።

እርጉዝ ለሆነች ሴት ነገሩ ከባድ ነው። ብዙዎቹ ምርጥ የሚባሉ የፈረንሳይ አይቦች ከጥሬ ወተት የሚሠሩ ናቸው። ብሪ ደ ሞ ለምሳሌ በደንቡ መሠረት ከጥሬ ወተት ብቻ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለ ለስላሳ አይብ ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ ፅንስ ላይ ደግሞ ክፉ ጉዳት ያደርሳል። እኛ ዘንድ እርግዝና ሆድ እስኪገፋ ይደበቃል፤ አውቃለሁ። ለአስተናጋጁ ግን ሹክ ይበሉት። ለጠረጴዛው ሳያሳውቅ ሳህንዎን ይቀይርልዎታል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት የጥሬ ወተት አይብ አይመክሩም። እንደ ኮምቴ ያሉት ጠንካሮቹ ግን ይፈቀዳሉ።

ዳቦው ላይ መዝመት

ፈረንሳይ ውስጥ አይብ የሚመጣው ከዋናው ምግብ በኋላ፣ ከጣፋጩ በፊት ነው። እራቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ትኩስ ዳቦና ቅቤ መጀመሪያ ላይ ይቀርባል፤ የራበው ሰው እሱን ጨርሶ የአይቡ ጋሪ ሲመጣ ሆዱ ጢም ብሏል። ታገሱ ከማለት ሌላ ምክር የለኝም።

አቆራረጡና ቅደም ተከተሉ

ባለ ጎማው ጋሪ ሲገፋ ይመጣል፤ ላዩ ላይ ሃያ ሠላሳ ዓይነት አይብ ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል። አንዱ ግራ ገብቶት «አንተ ምረጥልኝ» ብሎ ይገላገላል። ሌላው ከሁሉም ቁረጥልኝ ይላል። የመጀመሪያው ክፋት የለውም፤ ግን የሚወዱትን ይንገሩት። ለስላሳ ነው የሚሻልዎት ወይስ ጠንካራ? የፍየል ይሆንዎታል? ሽታው ያስቸግርዎታል? አራት ወይም አምስት ዓይነት በቂ ነው።

ሳህኑ ላይ ሲደረደር ከቀላሉ ወደ ኃይለኛው ነው። ለጋው የፍየል አይብ መጀመሪያ፣ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት ሮክፎር መጨረሻ። አስተናጋጁ ከየትኛው እንደሚጀመር በጣቱ ያሳይዎታል። በሮክፎር ከጀመሩ ምላስ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የታጠበ ወረቀት ነው።

አይቡ ለጠረጴዛው በጋራ ከቀረበና እርስዎ የሚቆርጡ ከሆነ ይጠንቀቁ። የብሪ ቁራጭ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ሹል ጫፉን ቆርጦ መውሰድ ፈረንሳዮቹን ያስከፋል። ብሪ የሚበስለው ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ ስለሆነ ሹል ጫፉ የክቡ መሃል ነው፤ ጣዕሙም ከዳሩ ይለያል። እሱን የወሰደ ሰው ለሌላው ዳሩን ተወለት ማለት ነው። ከጫፍ እስከ ቅርፊት በጎን በኩል ቀጠን አድርገው ይቁረጡ። ያኔ ለሁሉም ከሁሉም ይደርሰዋል።

የብሪ ነጭ ቅርፊት ይበላል። የኮምቴ ቅርፊት ግን ደረቅ ስለሆነ ይተዋል። ኤፗስ ሲመጣ አፍንጫ አይያዝ። ሽታው እውነትም የቆየ ካልሲ ነው፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ለስላሳና ክሬም ክሬም የሚል ነው።

ቀይ ወይን የግድ መስሎ መታየት

ቀይ ወይን ከብዙ አይብ ጋር ሲጠጣ መራራ ይሆናል። ሶምሊዬው፣ ማለትም የወይን አስተናጋጁ፣ ነጭ ቢያቀርብልዎ የተናቁ አይምሰልዎት። ኮምቴ እሱ ራሱ ከሚሠራበት ከዡራ አካባቢ ከሚመጣው ቢጫ ወይን ጋር፣ ሮክፎር ሶተርን ከሚባለው ጣፋጭ ወይን ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው። የማይጠጡ ከሆነ የፖም ጭማቂ ጥሩ ይሄዳል። ውሃ ሲያዝዙም የጠርሙስ ብቻ ነው ያለ ማን ነው? የቧንቧ ውሃ በነፃ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ የሆቴሉ ኮከብ ቢበዛም።

አይብ ሠሪውን በፈገግታ ማሳለፍ

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰውየው ከተራራ ወርዶ የመጣው ሊጠየቅ ነው። አጠገብዎ ሲደርስ «ትሬ ቦን፣ ሜርሲ» (በጣም ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ) ብለው ብቻ አይሸኙት። የኮምቴ ሠሪ ከሆነ ስንት ወር እንደቆየ ይጠይቁት። ኮምቴ ቢያንስ 4 ወር ይቆያል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ግን 18 ወይም 24 ወር የሆነው ሊቀርብ ይችላል። 40 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን አንድ ክብ አይብ 400 ሊትር ያህል ወተት ይገባል። ላሞቹ ለምለም ሣር ሲግጡ የታለበው ወተት አይቡን ቢጫ ያደርገዋል፤ በብርዱ ወራት ድርቆሽ ሲበሉ ግን ይገረጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካሳየዎት ዕድለኛ ነዎት። ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚለው ነጭ ነገር ጨው አይደለም፤ አይቡ ሲቆይ ከፕሮቲኑ የሚወጣ ታይሮሲን የሚባል ክሪስታል ነው። ፈረንሳይኛ ባይችሉም ችግር የለም፤ በእጅ እየጠቆሙ መግባባት ይቻላል። አገር ቤት ስላለው አይብም ያውሩለት። አሬራ እሳት ላይ ተጥዶ አይብ እንደሚወጣው ሲሰማ ጥያቄው እሱ ጋር ይሆናል።

ሒሳቡ ሲመጣ

ከአሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይሸወዳሉ። 20 በመቶ ቲፕ መጨመር ፈረንሳይ ውስጥ አይጠበቅም፤ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ታክሱንም አገልግሎቱንም ይዟል። ደስ ካለዎት ጥቂት ዩሮ መተው ይበቃል። የአይቡ ጋሪ ግን አንዳንድ ቦታ ለብቻው ይታሰባል። እሱን ከመቁረጣቸው በፊት ይጠይቁ።

አይቡን ገዝተው አዲስ አበባ ሊወስዱ ካሰቡ አየሩ ተመጥጦ እንዲታሸግልዎ ይንገሯቸው። ለስላሳውን በእጅ ሻንጣ አይያዙት፤ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ቆጥረው ይጥሉታል። ኮምቴ ጠንካራ ስለሆነ መንገድ ይችላል። ቤት ሲደርሱ ከላስቲኩ አውጥተው በወረቀት ይጠቅልሉት፤ ከመብላትዎ አንድ ሰዓት በፊትም ከፍሪጅ ያውጡት። ኤፗስን ግን እዚያው በልተው ይምጡ፤ ሻንጣው ውስጥ ልብስ አለ።